«ሰባት ሰው ሞቷል» የሚል ድምፅ ሲደርሳችሁ፦ ከደሴ ለመጣ ጥያቄ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። የምኖረው ደሴ ነው። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የከተማና የገጠር ዜና የምናወጣበት የቴሌግራም ቻናል አለን። ተከታዮቻችን ከ5,000 አልፈዋል። በቀደም ከአንድ የደጋ ወረዳ የድምፅ መልእክት ደረሰን። ተናጋሪው በቀበሌያቸው ሰባት ሰው በረሃብ ሞቷል ይላል። አንዱ ጓደኛዬ ‹ነጻ ሚዲያ ነን፤ እናውጣው፤ ሐሰት ከሆነ እናጠፋዋለን› አለ። ሌላዋ ደግሞ ‹መንግሥት ሳያረጋግጥ አንነካውም› አለች። እኔ መሐል ቤት ቀረሁ። ለመሆኑ ነጻ ፕሬስ እውነቱን የመዘገብ ግዴታ አለበት? ካለበት ማን ጣለበት? ግዴታ ካለስ ነጻነቱ የቱ ላይ ነው? እስካሁን አላወጣነውም። ምን ይመክሩናል?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ሰላም ላንቺም ለጓደኞችሽም። አብሽሪ፤ እስካሁን ባለማውጣታችሁ ጥፋት አልሠራችሁም። ግን ብዙ አትቆዩ።

ከጓደኞችሽ ልጀምር። አንደኛው የማጣራቱን ሥራ ለተከታዮቻችሁ ሊያሸክም ነው። ሌላዋ ለባለሥልጣን ልታስረክበው ነው። አንዱ ደፋር፣ አንዷ ጠንቃቃ ይመስላሉ። ሁለቱም ግን የሚሸሹት አንድ ነገር ነው፤ ስልክ መደወልንና እግር ማንሳትን። እኔ ያስተማርኳቸው ልጆችም አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚከራከሩት። «እናውጣ»፣ «አናውጣ» ተባብለው ይጣላሉ። «እንጠይቅ» የሚል ይጠፋል።

ግዴታውን ማን ጣለበት ብለሻል። ሕገ መንግሥቱን ብትገልጪ አንቀጽ 29 የፕሬስን ነጻነት ያረጋግጣል፤ ሳንሱርን በማንኛውም መልኩ ይከለክላል። እዚያው አንቀጽ ላይ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ነገር አብሮ ተቀምጧል። አብሮ መቀመጡ እኔን አይገርመኝም። ነጻነቱ ለእኔና ላንቺ የተሰጠ ሽልማት አይደለማ። ማንም ሳይደብቅበትና ሳይቆርጥበት ነገሩን ማወቅ ያለበት ሰው መብት ነው፤ እኛ ይዘንለት ነው የምንዞረው። ዕዳችን ለእሱ ነው። ለመንግሥት አይደለም። ለተቃዋሚም አይደለም። ለጓደኛሽ የላይክ ቁጥርም አይደለም፤ ይቅርታ ይደረግልኝ። ነጻነቱ ደግሞ «ይህን እንዳትጠይቂ» የሚልሽ እንዳይኖር ነው። ጠይቀሽ ያላረጋገጥሽውን እንድትለቂው አይደለም።

ይህን ሐሳብ በመጽሐፍ ቋንቋ ማስረዳት ይቻላል። ወሎ ተቀምጦ ግን መጽሐፍ ፍለጋ መሄድ ምን ያስፈልጋል? ነገሩ እዚሁ ደጃችን ላይ ሆኗል።

በ1964 ክረምቱ ከዳ። በ1965 ደግሞ በልጉ ቀረ። ሰው ከየመንደሩ ወደ ዋናው አስፋልት ወረደ። መንገድ ዳር ቆሞ አውቶቡስና መኪና እያስቆመ ምግብ ይለምን ነበር። በደሴ መስመር የሚያልፍ ሾፌር ሁሉ አይቷል። የወረዳው ሹም ያውቃል። የጠቅላይ ግዛቱ ሹማምንትም ያውቃሉ። ጋዜጣው ላይ ግን የለም።

ያኔም ሕገ መንግሥት ነበር እኮ። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የንግግርና የፕሬስ ነጻነት በሕግ መሠረት የተረጋገጠ ነው ይላል። ወረቀቱ ላይ ያለው እንዲህ ነው። ዋና ዋናዎቹ ጋዜጦች የመንግሥት፣ ቴሌቪዥኑም የመንግሥት፣ ከላይ ደግሞ ሳንሱር። ጥቂት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ወርደው ፎቶ አንስተው ግቢ ውስጥ አሳዩ፤ ተማሪው ተቆጣ፤ ነገሩ ግን ከግቢው ብዙ አልራቀም። በጥቅምት 1966 ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ያዘጋጀው ፊልም በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ። የወሎ ሰው በረሃብ ማለቁን የለንደን ሰው ከአዲስ አበባው ቀድሞ ቤቱ ቁጭ ብሎ አየ ማለት ነው።

ስንት ሰው ሞተ? ከ40,000 እስከ 200,000 የሚደርሱ ግምቶች አሉ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለውን ክፍተት እስቲ እዪው። 160,000 ሰው። ይህ ክፍተት ራሱ የዝምታው ውጤት ነው። በጊዜው የቆጠረ የለም፤ የጻፈ የለም። ልብ በዪ፣ ማንም ጋዜጣ ላይ «ወሎ ጠግቧል» ብሎ አልጻፈ ይሆናል። ዝም ማለት ብቻ በቂ ነበር። ጓደኛሽ «መንግሥት ሳያረጋግጥ አንነካውም» ስትል ይህን አስታውሺያት። በ1965 መንግሥት እስኪያረጋግጥ የጠበቀ ጋዜጠኛ ዓመቱን ሙሉ ሲጠብቅ ይከርም ነበር።

የወሎ ረሃብ ሌላም ነገር ያስተምራል። ይህኛው ረቀቅ ያለ ነው፤ ትንሽ ታገሺኝ።

አማርትያ ሴን የተባለ ህንዳዊ የኢኮኖሚ ሊቅ፣ በኋላ በ1998 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለመው፣ የዚያን ዘመን ወሎ አጥንቷል። ያገኘው ነገር ብዙ ሰው አስደነገጠ። በአገር ደረጃ የእህል ምርቱ ያን ያህል አልወደቀም። የደሴ የእህል ዋጋም ከድርቁ በፊት ከነበረው ብዙ አልራቀም። እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ የሚወጣ እህል ነበር። ታዲያ ሰው ለምን ሞተ? አዝመራው የጠፋበትና ከብቱ ያለቀበት ገበሬ መግዣ ስላልነበረው ነው። ገንዘብ የሌለው ሰው ገበያ ላይ አይታይም። ገበያው አይጠራውም።

እንግዲህ ያኔ አንድ ታማኝ ጋዜጠኛ ደሴ ገበያ ወርዶ ነበር እንበል። ነጋዴ ጠየቀ፤ ዋጋ መዘገበ። «ገበያው ላይ እህል አለ፤ ዋጋውም እምብዛም አልጨመረም» ብሎ ጻፈ። ከዚህ ውስጥ አንዲት ሐሰተኛ ዓረፍተ ነገር አታገኚም። ዘገባው ግን ሰው ይገድል ነበር። አንባቢው «አሃ፣ ደህና ናቸው» ብሎ ገጹን ይገለብጣላ። እውነት መዘገብ ሲባል የተጻፈው ትክክል መሆኑን ብቻ የሚያስቡ አሉ። የት ቆመሽ እንዳየሽም ይቆጠራል። ሴን በኋላ ላይ ነጻ ፕሬስና ምርጫ ባለበት አገር ትልቅ ረሃብ አልደረሰም ብሎ የተከራከረውም እንዲህ ያለውን ነገር ካየ በኋላ ነው። የክርክሩን ዝርዝር ምሁራን ይሟገቱበታል፤ ዋናው ነገር ግን ለሙያችን ትልቅ ሸክም ነው። ፕሬሱ መዋል ካለበት ቦታ ከዋለ ረሃቡን የሚደብቅ ሹም እንቅልፍ አያገኝም።

አሁን ደግሞ ሌላኛውን ጎን እዪ። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ያ የዲምብልቢ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። ግን እንደነበረ አልቀረበም። የወሎ ሕፃናት ምስል እየተቆራረጠ ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ተጋጠመ። የሚሞት ሕፃን፣ ቀጥሎ ሻምፓኝ። ባዶ ሰሃን፣ ቀጥሎ ሥጋ የሚቀለብ ውሻ። በማግስቱ መስከረም 2 ቀን ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ።

ሕፃኑ እውነት ነው። ድግሱም እውነት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን የሰፋው መቀስ ግን የጋዜጠኛ መቀስ አልነበረም። ሰው አይቶ እንዲያውቅ ሳይሆን አይቶ እንዲቆጣ፣ ያውም በተወሰነ ሰው ላይ፣ በተወሰነ ሌሊት እንዲቆጣ ነው የተሠራው። «ንጉሡ ይገባቸው ነበር» የሚል አይጠፋም። ይሁን። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። ያንን ፊልም የቆራረጠው መንግሥት አሥር ዓመት ሲሞላው ምን አደረገ? በመስከረም 1977 አሥረኛ ዓመቱን በድምቀት አከበረ። ሰሜኑ ይራብ ነበር። ጋዜጠኛ ወደዚያ እንዳይወጣ ተከልክሎ ከረመ። በጥቅምት ወር ጋዜጠኛው ማይክል በርክ ከካሜራ ባለሙያው ሞሐመድ አሚን ጋር ኮረም ደረሰ፤ ኮረም ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። ዘገባቸው በቢቢሲ ሲታይ ዓለም ተነሳ። ረሃቡን በቴሌቪዥን ያሳየው ደርግ እውነትን ስለወደደ ሳይሆን ስለጠቀመው ነበር። ሳይጠቅመው ሲቀር ደበቀ።

የኮረሙ ዘገባ ብዙ ነፍስ አትርፏል፤ ይህን ማንም አይክደውም። ያም ሆኖ ጉድለት አለበት። ተመልካቹ ድርቁን አየ፤ ጦርነቱን ግን በደንብ አላየም። ዕርዳታው ሲመጣ ከፊሉ ሰዉን በገፍ ወደ ደቡብና ምዕራብ ለማስፈር ተግባር ላይ ዋለ፤ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ተጓጓዘ፣ ብዙው ከወሎ። ከመካከላቸው ሳይወድ የሄደው ጥቂት አልነበረም። ለምን ተራበ የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ስለቀረ፣ ዓለም እህል ልኮ ሥራዬን ጨረስኩ አለ።

ይህን ሁሉ የምተርከው ታሪክ ስለምወድ ብቻ አይደለም፤ ብወድም። የናንተ የድምፅ መልእክትም በእነዚህ ሁሉ መንገዶች ሊበላሽ ይችላል። ዝም ልትሉት ትችላላችሁ። ትክክል የሆነ ግን የሚያሳስት ዜና ልታደርጉት ትችላላችሁ። ወይም ለአንድ ወገን ዱላ ልታቀብሉበት ትችላላችሁ።

ከዚህ ለመዳን ሩቅ አትሂዱ። ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ውረዱ። ከደጋ የወረደው ሰው ከአፋር ጋር የሚገናኝበት ገበያ ነው። አፋሮች ሲገናኙ ዳጉ ይለዋወጣሉ። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ቢገናኝ ከሰላምታው ቀጥሎ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንዳየ፣ ምን እንደሰማ ይነጋገራል። ሰሚው ዝም ብሎ አይቀበልም። ይጠይቃል። ራስህ አይተኸዋል ወይስ ነገሩህ? ማን ነገረህ? መቼ? ዝናብ የት እንደዘነበ፣ ሣር የት እንዳለ፣ የት ግጭት እንደተነሳ የሚታወቀው በዚህ ነው። አንዱ ሐሰት ቢያቀብል ሌላው ከብቱን ወደ ደረቅ መሬት ይነዳል። ስለዚህ ሐሰት ያቀበለ ሰው በጎሳው ይጠየቃል፤ ከዚያ በኋላም ወሬውን የሚያምነው ያጣል። ማንም ፈቃድ አልሰጣቸውም። ሳንሱርም የለባቸውም። ነጻ ናቸው፤ ግን የሰሚው ከብት በነሱ አፍ ላይ እንደቆመ ያውቃሉ። እኔ ለተማሪ የምሰጠው ሙሉ ኮርስ ከዚህ ብዙ አይበልጥም።

እንግዲህ ወደ ሰባቱ ሰዎች።

መጀመሪያ ለላከው ሰው ደውሉ። ራሱ ያየው ነው ወይስ የሰማው? የሞቱት እነማን ናቸው፣ ስንት ዓመታቸው ነው፣ የየትኛው ጎጥ? በአንድ ሳምንት ነው በሁለት ወር? ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ድምፁ ከስንት ሰው አልፎ እንደደረሳችሁም አጣሩ። የዛሬ ዓመት የተቀረጸ ድምፅ እንደ አዲስ ሲዞር ስንቴ አይተናል።

ቀጥሎ ቀብር። ወሎ ውስጥ ሰው ለብቻው አይቀበርም። የቀበረው ቄስ ወይም ሼህ ያውቃል። የዕድሩ ዳኛ ያውቃል፤ ድንኳን የወጣበትን ቀን ይነግራችኋል። እነዚህ ሰዎች ከባለሥልጣኑም ከድምፁ ባለቤትም የተለዩ ምንጮች ናቸው። ልብ በሉ፣ አንዱ ከሌላው የሰማ ከሆነ ሁለት ምንጭ አይባልም። አምስት ሰው ያንኑ ድምፅ ሰምቶ ቢነግራችሁ ያላችሁ አንድ ምንጭ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አነጋግሩ። ምናልባት «በተቅማጥ ነው የሞቱት» ትላችኋለች። አልዋሸችም። በረሃብ ጊዜ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሞተው በተቅማጥ፣ በኩፍኝ፣ በሳንባ ምች ነው፤ የተራበ ሰውነት መቋቋም ስለማይችል። ሹሙ ይህን ይዞ «በረሃብ የሞተ የለም» ሊላችሁ ይችላል። ያኔ ጥያቄውን ቀይሩት። ሲበሉ የነበሩት ምን ነበር? የሴፍቲኔት ተጠቃሚ ናቸው? የመጨረሻው እህል የመጣው በየትኛው ወር ነው? አንድ በግ ሸጦ ስንት ጣሳ ገብስ ይገዛል? አምና በዚህ ወር ስንት ይገዛ ነበር? የእህሉን ዋጋ ብቻ አትጠይቁ፤ የደሴን ገበያ ነገር አይተናል። የከብቱ ዋጋ ሲወርድና ሰው የእርሻ በሬውን ሲሸጥ ነው ነገሩ የሚታየው። ቤቱን ዘግቶ የሄደ ሰው ካለ ወዴት እንደሄደ ጠይቁ።

ወረዳውንም አነጋግሩ። ይህ የይስሙላ አይሁን። እነሱም የሚያውቁት ነገር አለ፤ እህል ጭኖ መንገድ ላይ ያለ መኪና ሊኖር ይችላል። ደውላችሁ ካላነሱ በአጭር መልእክት ጥያቄውን ላኩ፤ እስከ መቼ እንደምትጠብቁ ንገሯቸው። ከዚያ በላይ አትጠብቁ። «በተደጋጋሚ ደውለን ስልካቸውን አላነሱም» ብሎ መጻፍ ራሱ ዜና ነው።

ሁሉም ሰው የሚናገርበት ምክንያት እንዳለውም አትርሱ። የተቸገረ ሰው ዕርዳታ ቶሎ እንዲመጣለት ቁጥር ሊጨምር ይችላል። ሹም ሪፖርቱ እንዳይበላሽበት ቁጥር ሊቀንስ ይችላል። ምክንያት ያለው ሰው ሁሉ ውሸታም አይደለም። ግን ቁጥሩ ከማን አፍ እንደወጣ ሁልጊዜ ጻፉ።

አንድ የተለመደ ማምለጫ አለ፤ እሱንም ልንገርሽ። «የሁለቱንም ወገን አስተያየት አካተናል» ይባላል። ጥሩ ነው። ግን ሄዳችሁ አምስት አዲስ መቃብር ካያችሁ፣ ከአምስቱም ቤተሰብ ጋር ከተነጋገራችሁ፣ «ሞተዋል የሚሉ አሉ፤ አልሞቱም የሚሉም አሉ» ብላችሁ አትጻፉ። አይታችኋላ! እውነቱን እያወቁ መሐል መቆም ጨዋነት ይመስላል እንጂ ያው ሽሽት ነው።

ማየት የማይቻልበት ጊዜ ደግሞ አለ። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ደሴ ላይ የነበረ ሰው ያውቀዋል። አንዱ ወገን ከተማዋን ያዝኩ አለ። መንግሥት አልተያዘችም አለ። ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ ነበር። አዲስ አበባ ያለው ልጅ እናቱ በሕይወት ትኑር አትኑር አያውቅም። ኮምቦልቻ ያለው ልጅ አቅፎ ይውጣ ይቀመጥ አያውቅም። በዚያ ሰዓት የአንዱን ወገን መግለጫ እንደ ዜና ያነበበ ሁሉ በሰው እግር ላይ ፈርዷል። እውነተኛው ዜና ደረቅ ነበር፤ ይህ ወገን እንዲህ ይላል፣ ያኛው ያስተባብላል፣ የስልክ መስመር የለም፣ ከከተማው የወጡ ሰዎች ያዩት ይህን ነው፣ እኛ ራሳችን ማረጋገጥ አልቻልንም። አያሞቅም። ሼር አይደረግም። ግን ሰው ተንተርሶ ሊወስንበት ይችላል።

ስለዚህ የናንተም ዜና፣ አጣርታችሁ ግማሹን ብቻ ብታገኙ፣ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «በዚህ ወረዳ በአንድ ቀበሌ ባለፉት ስድስት ሳምንታት ቢያንስ አራት ሰዎች መሞታቸውን ቀብራቸው ላይ የነበሩ የሃይማኖት አባትና ሁለት ቤተሰቦች ነገሩን። ነዋሪዎች ምክንያቱ የምግብ እጥረት ነው ይላሉ። የጤና ባለሙያ በተቅማጥ መሞታቸውን ገልጸው፣ ከመካከላቸው ሁለቱ ቀድሞ በምግብ እጥረት የተመዘገቡ መሆናቸውን ተናግረዋል። የሞቱት ሰባት ናቸው የሚል መረጃ ደርሶናል፤ ሦስቱን ማረጋገጥ አልቻልንም። የወረዳው ኃላፊ ምላሽ እንዲሰጡን ጠይቀን እየጠበቅን ነው።» ቁጥሮቹን ለምሳሌ ነው ያስገባኋቸው። ልብ የሚያርፍበት ግን ይህ ነው። ሰባት የሚለው ጮኸ ያለ ርዕስ ይሆን ነበር። አራት ብላችሁ አራት ከተገኘ ግን ማንም አያስተባብላችሁም፤ እህሉም ቶሎ ይጫናል። ሰባት ብላችሁ አራት ከሆነ ግን ሹሙ በሦስቱ ላይ ቆሞ አራቱንም ይክዳል። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። ሐቅን ይበልጥ የሚጎዳው የተጨመረበት ነገር ነው።

«ሐሰት ከሆነ እናጠፋዋለን» የሚለው ጓደኛሽ የቴሌግራምን ጠባይ የረሳ ይመስለኛል። እናንተ ስታጠፉት ሌላ አርባ ግሩፕ ውስጥ ተልኳል፤ ስክሪንሾቱ አለ። የጠፋ ነገር ደግሞ «አስገድደው አስጠፏቸው» ተብሎ የባሰ ይታመናል። ከተሳሳታችሁ አታጥፉ፤ አርሙ። ያው ቻናል ላይ፣ ያው ሰዓት ላይ፣ ምኑ እንደተሳሳተ ቁልጭ አድርጋችሁ። መጀመሪያ የተለቀቀው ጽሑፍ ላይም እርማቱን ከላይ ጨምሩበት። በዜናው የተነካ ሰው መልስ ልስጥ ካለ ቦታ ስጡት።

ስለ ሕጉ ትንሽ። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ተከታዩ ከ5,000 በላይ በሆነ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨን ሰው እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ቅጣት ሊያስቀጣው ይችላል። እናንተ መስመሩን አልፋችኋል ማለት ነው። ሐሰተኛ መረጃ የሚባለው ሐሰት የሆነ፣ አሰራጩ ሐሰት መሆኑን የሚያውቀው ወይም ሊያውቀው ይገባው የነበረ፣ ሁከት ወይም ግጭት የማስነሳት ዕድሉ ከፍተኛ የሆነ ንግግር ነው። ይኸው አዋጅ ግን እውነትነቱን ለማረጋገጥ በሁኔታው ተገቢውን ጥረት ያደረገን ሰው ነጻ ያወጣል። ስለዚህ የደወላችሁበትን ሰዓት፣ የላካችሁትን ጥያቄ፣ የሰማችሁትን ሁሉ ደብተር ላይ አስፍሩ። ለራሳችሁ ሥራም ይጠቅማል። ስም ማጥፋትን በተመለከተ የመገናኛ ብዙኃን አዋጁ ቁጥር 1238/2013 ነገሩን ከወንጀል ወደ ፍትሐ ብሔር ወስዶታል፤ ካሳ ግን አለ። እኔ ስለ መጀመሪያው አዋጅ ሥጋቴን አልደብቅም። ቃሉ ሰፊ ነው፤ የማይመች እውነት የተናገረ ሰው ላይም ሊመዘዝ ይችላል። ሆኖም እውነት የምንጽፈው ሕጉን ፈርተን ከሆነ ሕጉ የተለወጠ ቀን ምን ልንሆን ነው?

ፎቶ አንሱ፤ ግን አስቡበት። በ1966 እና በ1977 የወጡት ምስሎች ነፍስ አድነዋል። በዚያው ልክ ወሎ የሚለውን ስም ከአጽም ጋር አጣበቁት። ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎን ቦታ ስም ይዘው አገር ሲያስጨፍሩ፣ ወሎ ሲባል ልመናን የሚያስብ ሰው ለዓመታት ነበር። አያቶቻችሁ የሰሙትን ስድብ ጠይቋቸው። የተራበ ሕፃን ፎቶ እናቱን ሳታስፈቅዱ አታውጡ። ፊቱ ሳይታይም መናገር የሚቻል ብዙ አለ፤ ባዶ ጎተራ፣ የተሸጠ በሬ በረት፣ ከሴፍቲኔት ዝርዝር የተሰረዘ ስም። የረሃቡን ምክንያት የሚያሳየውም ይኼኛው ነው።

ዜናው ከወጣ በኋላ ቀበሌዋን አትርሷት። ከሁለት ሳምንት በኋላ እህሉ ደረሰ አልደረሰም ብላችሁ ተመለሱ። አብዛኛው ሚዲያ እዚህ ጋ ይጠፋል።

የላከላችሁን ሰው ድምፅ ደግሞ እንዳለ አትልቀቁት። በትንሽ ቀበሌ ሰው የሚታወቀው በድምፁ ነው፤ ስሙን ብትደብቁ አይጠቅመውም። በጽሑፍ አውጡት። ቁጥሩንም ማንም ቢጠይቃችሁ፣ የወረዳው ኃላፊ «ልረዳው ፈልጌ ነው» ቢላችሁ እንኳ፣ መጀመሪያ ራሱን ሰውዬውን ጠይቁት።